ወርዶ ወይስ እየወረደ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ወጣቶቹ ተርጓሚዎች «እትዬ አለቀ-ወይ» ይሏታል። ከኋላዋ ሲሉ ትሰማለች፤ አትቆጣም። ስሙ የወጣላት ከአፏ ከማይጠፋው ጥያቄ ነው። አንዱ የተረጎመውን ወረቀት ለእርማት ይዞላት ሲመጣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና ጣቷን ግሱ ላይ አሳርፋ፣ «ይሄ ነገር አለቀ ወይ? ወይስ ገና እየሆነ ነው?» ትላለች።

«ያለቀ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«በይመስለኛል ማህተም አይመታም። ሂድና ጠይቀው።»

«ማንን?»

«ግሱን ነዋ!»

ጥያቄው የራሷ አልነበረም። ልጅ ሳለች ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ካስተማረቻት ከአንዲት የውጭ አገር መነኩሲት የወረሰችው ነው። መነኩሲቷ አጭር፣ ቁጡ፣ እጇ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሴት ነበረች። «እነዚህ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ትላቸው ነበር፤ «ጣልያንኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ስፓኒሹ፣ ፖርቱጋልኛው። ሁሉም ያለፈን ነገር በሁለት ዓይን ነው የሚያዩት። በአንዱ ያለቀውን ያያሉ፣ በሌላው ሲሆን የነበረውን። አንዱን ዓይን ጨፍኖ የሚያነብ ሰው ገደል ይገባል።» ልጆቹ ይስቁ ነበር። እሷ ግን ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

የኛም ቋንቋ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። «መጣ» ሌላ ነው፤ «ይመጣ ነበር» ሌላ፤ «እየመጣ ሳለ» ሌላ፤ «መጥቶ» ደግሞ ሌላ። ይሄ የመጨረሻው፣ ቦዝ አንቀጽ የሚሉት፣ ብቻውን ነገር አይቋጭም። «መጥቶ» ብለህ ዝም ካልክ ሰሚው አፍህን እያየ «እሺ፣ መጥቶስ?» ይልሃል። ጣልያኖቹም የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር አላቸው። ድርጊቱ ማለቁን በአንዲት አጭር ቃል አስቀድመው ይናገሩና ወደሚቀጥለው ነገር ይሻገራሉ። ተርጓሚዋ ይህን ለሚጠይቋት ሁሉ ስታስረዳ ሃያ ሰባት ዓመት ኖረች። የማይጠይቋትም አላመለጡም።

ሥራው አልፎ አልፎ ያስቃታል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ሚስቱን አስከትሎ መጥቶ፣ ፈረንሳይ አገር ያለ የሥራ ባልደረባው የጻፈለትን ደብዳቤ እንድትተረጉምለት ጠየቃት። ደብዳቤው «በሰላም ደርሻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ታዲያ በፈረንሳይኛ «ደርሻለሁ» የሚለው ቃል ጫፉ ላይ አንዲት ፊደል ከተጨመረችበት የደረሰው ወንድ ሳይሆን ሴት ናት። ፊደሏ ቁጭ ብላለች። ተርጓሚዋ ቀና አለች፤ ባልየው ጠረጴዛውን ያያል፣ ግንባሩን አልቦታል። ሚስትየው በትዕግሥት ትጠብቃለች። ተርጓሚዋ «በሰላም ደርሻለሁ» ብላ ጻፈች። በኛ ቋንቋ ደራሹ ወንድም ይሁን ሴት «ደርሻለሁ» ያው «ደርሻለሁ» ነው፤ የጨመረችውም የቀነሰችውም የለም። ማታ ለታናሽ እህቷ ስትነግራት፣ «ቋንቋችን ገመናውን ሸፈነችለት» ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ይህ ግን የድሮ ሳቅ ነው። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ሲቀራት ሳቁም ጉልበቷም አልቆ ነበር። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ መደገፊያውን ይዛ ትተነፍሳለች። ጠረጴዛዋ ላይ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የሞት ወረቀት እንደ ጡብ ይደረደራል። የሰው ዕድሜ በሙሉ በቀን አሥር ጊዜ በእጇ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ስትሆን ማን እንደተወለደና ማን እንደሞተ ይደባለቅባታል። ዓይኗ ይቃጠላል። ቤት ስትገባ ባሏ ከሞተባት ከታናሽ እህቷ ጋር ራታቸውን ይበሉና፣ እህትየዋ ወሬ ስትጀምር እሷ ወንበሩ ላይ አንገቷን ደፍታ ታንቀላፋለች።

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው አሞራው የመጣው።

አሞራው የተባለው የግንባታ ክሬን ኦፕሬተር ስለነበረ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን ከሰው በላይ፣ ከጣሪያ በላይ፣ በመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ አሳልፏል። አሁን የጣውላ መጋዘን ዘበኛ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ስልሳን የተጠጋ ሰው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ውሃ የበላው ሰነድ አወጣ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዲስ ሥራ ላገኝ ነበር፤ ቀጣሪው የፍርድ ወረቀትህን ሙሉውን አምጣ አለኝ። ቤቴ ጣሪያው አፍስሶ አብሮት የተያያዘውን የጣልያንኛ ትርጉም ማህተም አጠፋብኝ። እንዲያው እንደገና ቢመቱልኝ።»

«የምን ፍርድ ነው?»

«ሰው ገድለሃል ተብዬ ነው» አለ፤ እንደ ተራ ነገር። «በቸልተኝነት። ዓመት ከስምንት ወር ታስሬያለሁ። የክሬን መንጃ ፈቃዴንም ያኔ ቀሙኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።»

ሕጉ ያረጀ ትርጉም እንደገና ማህተም ከመመታቱ በፊት ከዋናው ጋር ይመሳከር ይላል። አብዛኞቹ ተርጓሚዎች ለይስሙላ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ይመታሉ። እሷም ደክሟት ስለነበር እንደዚያው ልታደርግ ማህተሙን አንስታ ነበር። ግን ትርጉሙ ግርጌ የራሷን ፊርማ አየች፤ በአሥራ አንድ ዓመት ወጣት የሆነ ፊርማ። የቆየ ፎቶዋን ያገኘች ያህል ሆነባትና ማንበብ ጀመረች።

ጉዳዩ ቀላል ነው። ድልድይ ይሠራ ነበር። አሞራው ክሬኑ ላይ ሆኖ የብረት ጭነት ሲያወርድ፣ ጭነቱ መወጣጫው ላይ የነበረውን ወጣት አናጺ መትቶ ገደለው። አሞራው ለፍርድ ቤቱ፣ «ልጁ ወርዶ ነበር፤ መሬት ሲረግጥ በዓይኔ አይቼ ነው ማውረድ የጀመርኩት፤ መቼ ተመልሶ እንደወጣ አላውቅም» ብሏል። ያመነው የለም። ሌላው ምስክር ጣልያናዊው የሳይት ኃላፊ ነበር፤ እሱ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ሲገባ ትቶት የሄደው አንድ ገጽ ሪፖርት ብቻ ነው። በሷ ትርጉም ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ከመወጣጫው እየወረደ ሳለ የክሬኑ ኦፕሬተር ጭነቱን አወረደ።» ዳኛውም ፍርዱ ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጠቅሷታል።

ከትርጉሙ ሥር የተያያዘውን የጣልያንኛ ዋና ገለጠች። «ሼዞ ሎፔራዮ ዳል ፖንቴጆ፣ ኢል ግሩዊስታ ካላቫ ኢል ካሪኮ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ደግማ አነበበች። «ሼዞ» ይላል እንጂ «ሼንዴንዶ» አይልም። «ሼንዴንዶ» ቢል እየወረደ ነው። «ሼዞ» ግን ወርዶ ነው፤ ያለቀ፣ የተቋጨ፣ እግሩ መሬት የነካ። ያላለቀው ሁለተኛው ግስ ነው፤ «ካላቫ»፣ ያወርድ ነበር። ሰውየው የጻፈው፣ «ሠራተኛው ከመወጣጫው ወርዶ፣ የክሬኑ ኦፕሬተር ጭነቱን ያወርድ ነበር» ብሎ ነው። እሷ ያለቀውን እንዳላለቀ፣ ያላለቀውን እንዳለቀ አድርጋ ገልብጣ አስቀምጣዋለች። ጣልያናዊው ለአሞራው መስክሮለት ነበር፤ አሞራው ላይ ያስመሰከረችበት እሷ ናት።

«ችግር አለው እንዴ?» አለ አሞራው።

ሰነዱን ዘጋች። «ከነገ ወዲያ ይመለሱ» አለችው። «ማመሳከር አለብኝ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሦስቱን ፎቅ ወረደ።

ያን ዕለት ምንም አልሠራችም። የትርጉሙን ቀን አየችው። ያን ሳምንት እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ልትሞት አራት ቀን ሲቀራት። ከታማሚዋ አልጋ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ አልጋው ስትመላለስ የሰነበተችበት ሳምንት ነው። ምክንያቱን አገኘችው፤ ምክንያቱ ግን ምንም አላቀለለላትም። የሰውየው ዓመት ከስምንት ወር የእናቷን ሕመም አያውቀውም።

ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች።

«እታለም፣ ሰው አውቆታል?»

«ከኔ በቀር ማንም።»

«እንግዲያው ሦስት ወር ነው የቀረሽ። ሃያ ሰባት ዓመት ለፍተሽ ስምሽን በአንድ ቃል ልታጠፊ ነው? ሰውየው እንደሆነ ታስሮ ወጥቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

«ፈስሶ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አለች። «እየፈሰሰ ነው እንጂ። ሰውየው ዛሬም ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ነው ሥራ የሚለምነው።»

እህቷ ድንቹን አንስታ፣ «እኔ ተይው ብል አትተዪውም። ታውቂያለሽ፣ ለምን ትጠይቂኛለሽ?» አለቻት።

በማግስቱ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ኃላፊው በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ሥራውንም እሷው ያስተማረችው ሰው ነው። ሰነዱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ጣጣ ነው። በሰላም ጡረታዎን ይውጡ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ቀስ ብለን መላ እንፈልግለታለን።»

«ቀስ ብለን ያልከው ስንት ዓመት ነው?»

ስሕተቱን፣ ትክክለኛውን ንባብና ስሟን የያዘ አንድ ገጽ ጽፋ ለፍርድ ቤቱ እንዲላክ እዚያው ኃላፊው ፊት ፈረመች።

አሞራው በቀጠሮው ቀን መጣ። ኮሪደር ላይ ወዳለችው አግዳሚ ወንበር ወስዳ አጠገቧ አስቀመጠችውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ራሷን አልሸፈነችም፤ እናቷንም አላነሳችም። ሰውየው ይጮኻል፣ ምናልባትም ይማታል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ምን ነበር ቃሉ?» አላት።

«ወርዶ።»

«ወርዶ» አለ ለራሱ። «እኔ እኮ አይቼዋለሁ። መሬት ሲረግጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ እስር ቤት ሆኜ ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነበው፣ እንግዲህ ጣልያኑ ቅርብ ነበር፣ እኔ ሩቅ ነበርኩ፣ እሱ ያየው ይሻላል አልኩ። ሲውል ሲያድር ልጁ እየወረደ በሕልሜ ይታየኝ ጀመር። ዓይኔን ማመን ተውኩ። ከወጣሁ በኋላ መንገድ ስሻገር እንኳ መኪና እንደሌለ አይቼም አላምንም፤ ሰው ሲሻገር ጠብቄ ነው የምሻገረው። አሥራ አንድ ዓመት።»

«ይቅር በሉኝ ልልዎት አፌ አይደፍርም» አለች።

«ደክሞኛል፣ እትዬ። ይቅር ለማለትም ለመቆጣትም ደክሞኛል። ሌላ ቀን እንነጋገራለን።» ተነሳ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ግን ደኅና አደረጉ፣ ነገሩኝ» አለና ወረደ።

ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሰባት ወር ፈጀበት። በዚያ መሐል እሷ ጡረታ ወጣች። ያለ ሽኝት፣ ማህደሯ ውስጥ ከገባ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጋር። ጓደኞቿ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ጫማቸውን ያዩ ነበር። ችሎት ቀርባ መሰከረች። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስጽፋ ተመለከተቻቸው።

«እንግዲህ በዚህች ልዩነት ነው ሰው የታሰረው?»

«ክብርት ዳኛ፣ ልዩነቷ ግልጽ ናት። ጣልያን አገር ልጅ እንኳ አይስታትም። ያላየኋት እኔ ነኝ።»

ፍርዱ ተሰረዘ። አሞራው ከወንጀል ነጻ ነህ የሚል ወረቀት ተሰጠው፤ መንጃ ፈቃዱም ሊመለስለት እንደሚችል ተነገረው። የዓይን ምርመራ ሄዶ ወደቀ። ሞራ ጋርዶታል አሉት። «ተመልከቺ እንግዲህ» አላት ስልክ ደውሎ፤ ያን ጊዜ አንቺ ማለት ጀምሮ ነበር፣ «ዓይንህ ትክክል ነበር ብለው ሲፈርዱልኝ ዓይኔ ጠፍቶ ተገኘ።» ሳቀ። እሷ ሳቁን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

የደወለላት ግን ለዚህ አልነበረም። የሟቹ አናጺ እናት በሕይወት አሉ፤ ፍርዱ መሰረዙን ሰምተው ወረቀቱን አንብቡልኝ ብለው ልከዋል። «እኔ ብቻዬን ፊታቸውን ማየት አልችልም» አለ። «አብረሽኝ ብትመጪ።»

ሁለቱ አብረው ሄዱ። እናትየው ጠባብ ግን ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቋቸው። አሞራውን ቀና ብለው አላዩትም፤ በእጃቸው ወንበር ብቻ አመለከቱት። ተርጓሚዋ የጣልያኑን ሪፖርት ቀስ ብላ አነበበች።

«እና ልጄ ወርዶ ነበር?»

«ወርዶ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ተመለሰ?»

«እሱን ወረቀቱ አይልም። የሚያውቅ ሰው የለም።»

አሮጊቷ ተነስተው ከአልጋቸው ሥር ትንሽ ሳጥን ጎትተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጥግ ጥጉ የተላላጠ የአናጺ ሜትር ነው።

«ከልብሱ ጋር የሰጡኝ ይሄን ነው። በእጁ ጨብጦት ነበር አሉኝ። የአባቱ ነው፤ አባቱም አናጺ ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ ረስቶት መጥቶ በዝናብ ተመልሶ ሄዷል፤ ነገ ታመጣዋለህ ብዬው አልሰማኝም።» ሜትሩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እንግዲህ ወርዶ፣ ትዝ ብሎት ነው የተመለሰው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጭነቱ ሲመጣበት እያየ፣ ሊያመልጥ እየወረደ፣ ፈርቶ፣ ጮኾ የሞተ ነበር የሚመስለኝ።»

አሞራው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሮጊቷ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት።

«አንተም ብዙ ተጎድተሃል ለካ፣ ልጄ» አሉት። «በል ቀና በል።»

እናትየው ሲሸኟቸው እስከ በሩ ወጡ፤ ለአሞራው እጃቸውን ሰጡት፣ ሳመው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም።

ወደ ማቆሚያው በእግር ሄደው አውቶቡስ ያዙ። ተርጓሚዋ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ቃሉን ስትመርጥ፣ የድሮው ድካም መጥቶ ዓይኗን ከደነው። ስትነቃ አውቶቡሱ ቆሟል፣ ባዶ ነው፣ ሾፌሩ ወርዶ ሲጋራ ያጨሳል። አሞራው አጠገቧ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«የት ነን?»

«መጨረሻው ማቆሚያ። የኔንም ያንቺንም ካለፍነው ቆየን።»

«ምነው ሳትቀሰቅሰኝ?»

«እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቀሰቀስም» አላት። «ሾፌሩ ሲመለስ ይመልሰናል፤ ተኚ።»